«ሚኒሞ» እና «ምንም»

ያን ቀን ጠዋት ከቤቴ የወጣሁት ለጠብ ነበር፤ አልደብቅም። መካኒሳ ውስጥ ከአንድ ዳቦ ፋብሪካ ጋር አጥር ለአጥር ነው የምኖረው። ሰባት አይሱዙዎች በየማለዳው ግማሽ ሰዓት ሙሉ ቆመው ሲያጓሩ፣ ጭሱ በመስኮቴ እየገባ አንጀቴን አሳርሮታል። ጡረታ የወጣሁ የሳይንስ መምህር ነኝ፤ ስህተት አይቶ ማለፍ አልፈጠረብኝም። ባለቤቴም ሁልጊዜ በዚህ ትወቅሰኛለች።

የፋብሪካው በር ላይ ግን ከእኔ የቀደመ ሙግት ጠበቀኝ። የስምሪት ሠራተኛዋ ዚነት፣ ድሮ ያስተማርኳት ልጅ፣ ከሾፌሮቹ አለቃ ከአቶ ገሠሠ ጋር ተፋጣለች። እሳቸው ሠላሳ ዓመት መሪ የጨበጡ፣ ቃላቸው በግቢው እንደ ሕግ የሚቆጠር ሰው ናቸው።

«መምህር፣ እንኳን መጡልን፤ እርስዎ ይፍረዱ» አለችኝና ነገሩን አስረዳችኝ። ናፍጣ እንደ ልብ ስለማይገኝ ሥራ አስኪያጁ ከሰባቱ መኪኖች አንዱን ሊያቆም ነው። መኪናው ከቆመ የሚሰናበተው መጨረሻ የተቀጠረው ሞልቱ ነው። ሞልቱን ደግሞ መንዳት ያስተማሩት፣ ደጅ ጠንተው ያስቀጠሩትም አቶ ገሠሠ ራሳቸው ናቸው። ሚስቱ ከወለደች ገና ወሯ ነው።

የዚነት ሐሳብ አጭር ነበር፤ መኪኖቹ ቆመው የሚያቃጥሉት ናፍጣ ቢቀር አንድም መኪና ማቆም አያስፈልግም። አቶ ገሠሠ ጨዋ ሰው ናቸውና አስጨርሰው ሰሟት። ከዚያ ሞተር በደንብ ሳይሞቅ ከተነዳ እንደሚታመም፣ በየሱቁ በር ማጥፋትና ማስነሣትም ሞተር የሚያስነሣውን ሞተሪኖ እንደሚጨርሰው ነገሯት።

«ደግሞስ ልጄ፣ ሚኒሞ ላይ የቆመ መኪና ምን ይበላል? ሚኒሞ እኮ ነው» አሉ።

ሾፌሮቻችን መኪና ቆሞ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲሠራ «ሚኒሞ ላይ ነው» ይላሉ።

«ጋሽ ገሠሠ፣ አይቆጡኝና ሚኒሞ የጣልያን ቃል ነው» አለች ዚነት። «ትንሹ ማለት ነው። እኛ ለጆሯችን ሲመሳሰልብን ‹ምንም› አደረግነው።»

ሳቄ አመለጠኝ፤ በሆዴም ኮራሁባት። አቶ ገሠሠ ግን ፈገግም አላሉ። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ብለው ሊሄዱ ሲሉ፣ «እንግዲያው በዓይንዎ ይዩት» ብላ ሜካኒኩን ኤልያቄምን ጠራችው።

ኤልያቄም የአንዱን አይሱዙ የናፍጣ ቱቦዎች ከታንከሩ ነቅሎ፣ ግማሽ ሊትር ናፍጣ በያዘ የውኃ ሃይላንድ ውስጥ ከተታቸው። ሞተሩ ተነሥቶ ሚኒሞ ላይ ቆመ። አቶ ገሠሠ በርጩማ አስመጥተው ሃይላንዱ ፊት ተቀመጡ። መጀመሪያ ላይ «ይኸው፣ ነክቶታል?» እያሉ ይቀልዱ ነበር። ናፍጣው ከወገቡ በታች ሲወርድ ቀልዱ ቆመ። ግማሽ ሰዓት ሊሞላ ሲል ሞተሩ ተንገጫግጮ ጠፋ፤ ሃይላንዱ ባዶ ሆኖ ነበር።

«ይሄ የማሞቂያው ብቻ ነው?» አሉ ቀና ሳይሉ።

«የማሞቂያው ብቻ ነው» አለች ዚነት። «በየሱቁ በር ዳቦ እስኪወርድ የሚቃጠለው ሲጨመር፣ አንዱ መኪና ቆሞ በቀን ሁለት ሊትር ይጠጣል። ሰባቱ አሥራ አራት። ሞልቱ ላፍቶን አዳርሶ የሚመለሰው በአሥራ ሁለት ሊትር ነው።»

አቶ ገሠሠ ባዶውን ሃይላንድ አንሥተው አገላበጡት። ከዚያ ስለ ሞተሪኖው ኤልያቄምን ጠየቁት። እሱም የደከሙት ባትሪዎች ከተቀየሩ ሞተሪኖው እንደሚችለው፣ ለማሞቅም አንድ ሁለት ደቂቃ በቂ እንደሆነ፣ የቀረውን ቀስ ብሎ እየነዱ ማሞቅ እንደሚሻል አስረዳቸው። እሳቸው በጀማሪነታቸው የነዷቸው መኪኖች ጸባይ ሌላ እንደነበረም በአክብሮት ጨመረላቸው።

ከማግስቱ ጀምሮ አቶ ገሠሠ ራሳቸው በየመኪናው በር እየዞሩ «አጥፋ» ይሉ ጀመር። እሳቸው ያመኑበትን ነገር ማን ይከራከራል?

ሁለት ሳምንት አለፈ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛውን ሰበሰበ፤ እኔንም ጠሩኝ። አንድም መኪና እንደማይቆም፣ ሞልቱም በሥራው እንደሚቀጥል ተናገረ። ዳቦ ጫኞቹ በፉጨት አቀለጡት። እውነትም ትሩፋቱ ብዙ ነው። በተረፈው ናፍጣ ወደ ብስራተ ገብርኤል ሁለተኛ ምልልስ ተጀምሯል፤ ጫኞቹ በየጠዋቱ ጭስ እየዋጡ ማሳላቸው፣ በእኔም መስኮት የሚገባው ጭስ ቀንሷል፤ ሾፌሮቹም ሞተር በማሞቅ ያጠፉት የነበረውን ግማሽ ሰዓት ዳቦውን በትኩሱ ለማድረስ አውለውታል። ዕውቀት ከልምድ ጋር ሲታረቅ እንዲህ ነው።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ገሠሠን አመስግኖ ሲያስጨበጭብላቸው እጃቸውን አንሥተው አስቆሙት።

«ሞልቱን በዚህ እጄ መንዳት አስተምሬ፣ በዚሁ እጄ ከእንጀራው ላፈናቅለው ነበር። ያተረፈችው ዚነት ናት» አሉ።

ሞልቱ ዕንባው እየወረደ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ አለ። እሳቸው ግን በትከሻው ይዘው ወደ እሷ አዞሩት።