የፕሮቶኑን ቁጥር አትክፈቱልኝ

ክቡር ዳይሬክተራችን፣ ክቡራትና ክቡራን፣ እንዲሁም ለኬኩ ብላችሁ ብቻ የመጣችሁ የሒሳብ ክፍል ባልደረቦቼ፤

ለስንብቴ አዳራሹን እንዲህ አሙቃችሁ ስለጠበቃችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ዕድሜ ልካችንን ማሽን ስናቀዘቅዝ ኖረን ዛሬ ገና ሰው ማሞቅ ተማርን።

እናቴ እስከ ዛሬ ሥራዬን አታምነውም። "አንቺ ልጅ፣ አሁንም ያን ነገር እየፈለግሽ ነው?" ትለኛለች። "አዎ እማዬ።" "ምን ያህላል?" "በዓይን አይታይም።" "ታዲያ መጥፋቱን በምን አወቃችሁ?" ጥናታችንን ከሚገመግሙት ሁሉ እንዲህ ያፋጠጠኝ የለም።

ነገሩ ይሄ ነው። ፕሮቶን ስፒን የሚባል፣ እሽክርክሪት የሚመስል ነገር አለው። ስፒኑን ውስጡ ያሉት ኳርክ የሚባሉ ሦስት ቅንጣቶች ይሸከሙታል ተብሎ ይታሰብ ነበር። ቢለካ የእነሱ ድርሻ ሲሶ ገደማ ብቻ ሆኖ ተገኘ። የቀረውን ማን ተሸከመው? እኛ ኳርኮቹን አጣብቆ የያዘውን ግሉኦንን ጠርጥረን ይኸው እናሳድደዋለን።

ኒውትሮንማ ጭራሽ ብቻዋን አትያዝም! ሂሊየም-3 በሚባለው ቀላል የሂሊየም ዓይነት ውስጥ ከሁለት ፕሮቶኖች ጋር ተዳብላ ስትኖር ነው የምንለካት። ደግነቱ ፕሮቶኖቹ ጀርባ ተሰጣጥተው ስለሚኮራረፉ የአንዱ ስፒን የሌላውን ያጠፋዋል፤ የሚቀረው የእሷ ነው። እኔና ባለቤቴ ስንት ጊዜ ተኮራርፈን ለሳይንስ የጠቀምነው ነገር የለም።

ለእንግዶቻችን አንድ ደንባችንን ላስረዳ። ኮምፒውተሩ ውጤታችን ላይ ማናችንም የማናውቀውን ቁጥር ይደምርበታል። ፍተሻው አልቆ፣ የተደመረው ተቀንሶ እስኪከፈት ድረስ እውነተኛውን ውጤት ማንም አያይም። ለምን? ሰው የወደደውን ቁጥር ካየ ስህተት መፈለግ ያቆማላ!

ዛሬ ግን ዳይሬክተራችን፣ የድሮ ተማሪዬ፣ ሪባን የታሰረበት ላፕቶፕ ይዞ መጣ። "እትዬ፣ ስጦታዎ ይኸውልዎት። አንዴ ይንኩትና ውጤቱ ይከፈት።"

"ፍተሻው አለቀ እንዴ?"

"ትንሽ ነው የቀረው።"

ትንሽ! ከእኔ በፊት ቡድኑን ይመሩ የነበሩት ጋሼ እዚህ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ለእሳቸው ስንብት ልክ እንዲሁ ፍተሻው ሳያልቅ ከፈትንላቸው። ቁጥሩ ሲያምር! አጨበጨብን፣ ተቃቀፍን፣ እሳቸውም ለሰፈሩ ሰው ሁሉ አወሩ። በኋላ የአንዱን ማግኔት አቅጣጫ ገልብጠን ማንበባችን ታወቀ፤ ያ የሚያምር ቁጥርም ስህተት ሆኖ ቀረ። ቤታቸው ሄጄ ስነግራቸው ምን አሉኝ? "ለጭብጨባው ሁላችሁም ነበራችሁ፤ ለዚህ ግን አንቺን ብቻ ላኩሽ?" ጋሼ፣ ዛሬ ይስቃሉ። ያን ቀን ግን አልሳቁም።

ማወቅ አልፈልግም ማለቴ ነው? እንዴት አልፈልግ! ያንገበግበኛል እንጂ። የቀረው ፍተሻ፣ እንደማውቃችሁ ከሆነ፣ ዓመት ይፈጃል። ሐኪሜ ደግሞ ልቤን ባዳመጠ ቁጥር ፊቱን ያጨፈግጋል። ላልደርስበት እችላለሁ። ይህን ሳስብ ያስለቅሰኛል፤ ይኸው አስለቀሰኝ፣ እናንተ ኬኩን ብሉ።

ግን ስለምትወዱኝ ብላችሁ ያልተጣራ ነገር አታሸክሙኝ። ልጄ፣ ላፕቶፑን ዝጋው። አትኩረፍ፣ ዝጋው። ጎሽ።

እንግዲህ ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ። ሂሊየሙን የያዘው የመስታወት ዕቃችሁ አይሰንጠቅ፣ ጨረራችሁ አይቋረጥ፣ በጀት ፈራሚው ደስ ባለው ቀን ይግጠማችሁ። ስህተታችሁን ቶሎ የሚያይ ሰው አይጥፋባችሁ፤ ሲነግራችሁም አትቆጡት። ልጆቻችሁ ከእናንተ የተሻለ እንቅልፍ የሚያስተኛ ሥራ ይያዙ።

ፍተሻው ሲያልቅ ደውሉልኝ። ቁጥሩ ቢያስጠላም ደውሉ። ስልኩን ባላነሣ እንኳ አትዘኑ፤ በትክክል እንደምትሠሩት አምኜ ነው የሄድኩት።