ከሃምሳ ሦስት ያገኙት እኅታችን

እንባችሁን ጠረግ አድርጋችሁ ስሙኝ። የሕይወት ታሪካቸውን የማነብላችሁ ታናሽ ወንድማቸው ነኝ፤ አንገቴንም ደፍቼ አላነብም፣ እርሳቸው አይወዱትምና።

ታላቅ እኅቴ ከሒሳብ መምህሩ አባታችንና ከአዋላጇ እናታችን የበኩር ልጅ ሆነው ተወለዱ። በዚያ ቤት ሰው የሚመዘነው በማርክ ስለ ነበረ፣ አባታችን የፈተና ወረቀታችንን የሳሎኑ ግድግዳ ላይ እየለጠፉ ጎበዙን በኩራት፣ ሰነፉን በኀፍረት አሳደጉን፤ እርሳቸው ግን ማርኩን ትተው፣ የአባታችን እስክሪብቶ ጫን ብሎ ያለፈበትን የወረቀቱን ጀርባ በጣታቸው ይዳብሱ ነበር።

ትምህርታቸውን ጨርሰው የራጅ ባለሙያ ሆኑና፣ በሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ መስኮት በሌለው ክፍል ጡረታ እስኪወጡ አገለገሉ። እዚያም የእጅ አንጓቸው የተሰበረ አንዲት ሠዓሊ ራጅ ሊነሡ መጥተው ተዋወቋቸው፤ አጥንታቸው ሲገጥም መሥሪያ ክፍላቸው ጋብዘዋቸው፣ የመዳብ ሰሌዳ ጭረው፣ ቀለም ቀብተው፣ ሃምሳ ብቻ አትመው፣ እያንዳንዱን በእርሳስ ቆጥረውና ፈርመው፣ ሌላ እንዳይታተም ሰሌዳውን በሚስማር ሲሰርዙት አሳዩዋቸው። እኅቴ በገመድ ላይ የተሰጣ አንሶላ የሚታይበትን ይህን ሥራ፣ ከሃምሳው ሦስተኛውን ኅትመት ገዙ፤ በግርጌውም 3/50 ተብሎ ተጽፎበት ነበር።

ወደ ክፈፍ ሠሪ ወሰዱት። ክፈፍ ሠሪው ደግ ሰው ነበሩና ቁጥሩን ሲያዩ፣ «ምስኪን! ከሃምሳ ሦስት ነው እኮ ያገኘችው» ብለው አዝነው፣ እንግዳ አይቶ እንዳይስቅባቸው ግርጌውን በምላጭ ቆርጠው ጣሉላቸው። እኅቴ መጥተው ሲያዩ ሱቁን በአንድ እግሩ አቆሙት! ሰውየውም ቁራጩን ከቆሻሻ መጣያው ፈልገው ቢያጡት፣ ይቅርታ ለመጠየቅ ተመላልሰው ተመላልሰው በመጨረሻ ባላቸው ሆኑ። ከዚያ ጠብ አንዲት ሴት ልጅ ተገኘች።

ከዚያ በኋላ ሌላው ሰው ወርቅ ሲያጠራቅም እርሳቸው ኅትመት አጠራቀሙ። እኛ ዘመዶቻቸው «ለቅጂ ይህን ያህል? ፎቶ ኮፒ አይሻልሽም?» እያልን ስንቀልድባቸው፣ የአዋላጅ ልጅ ናቸውና፣ «መንታ ሲወለድ የትኛውን ነው ቅጂ የምትሉት?» ብለው አፋችንን አስያዙን።

የታመሙ ጊዜም ሐኪሙ ራጃቸውን ይዘው ቃል ሲመርጡ፣ እርሳቸው አንብበው ጨርሰው ኖሮ «አይቸገሩ፣ ገብቶኛል» አሏቸው። አልጋ ላይ መዋላቸውን የሰማ አንድ የሥዕል ነጋዴም ዋጋ ገማች አስከትሎ መጣ። ገማቹ ግድግዳውን ሁሉ ዞሮ ሲያበቃ፣ አንሶላዋ ዘንድ ቆሞ፣ «ይቺ ቁጥር የላትም፣ ዋጋም የላት፤ እሷን ትተን ሌላውን እንወስዳለን» አለ። እኅቴ በልጃቸው ትከሻ ተደግፈው ተነሡና፣ «እሷን ያልቆጠረ ሌላውንም አይቆጥርብኝም» ብለው በሩን አሳዩአቸው። ኅትመቶቼን እንዳትበትኑብኝ ብለውም ልጃቸውንና እኔን ቃል አስገቡን፤ ከሳምንት በኋላም በቤታቸው ዐረፉ።

ነጋዴው ዛሬም ከኋላ ቆሞ አየዋለሁ። ለቅሶ መድረስህ ደግ ነው፣ እግዜር ይስጥልን፤ ልጅየዋን በጆሮዋ የጠየቅሃትን ግን እኔ በአደባባይ ልመልስልህ፦ አይሸጥም! ቤቱ ክፍት ነው፤ ማየት የፈለገ አንኳኩቶ ይገባል።

እኅታችን ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውንና እኔን ትተው ሄደዋል። ባለቤታቸው ዛሬ ጠዋት፣ ሬሳው ከመውጣቱ በፊት፣ አንሶላዋን ከክፈፏ አወጡና በተቆረጠው ግርጌዋ ላይ በእርሳስ 1/1 ብለው ጻፉ። ማርክ ይሁን ቁጥር አልጠየቅኋቸውም። ገማች ካለ ይምጣና ይገምት።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ መካከል ያሳርፍልን፤ እኛንም በቃላችን ያጽናን።