የወንድሜ «ጨጓራ»

ወንድሜን የበደልኩት እኔው ነኝ። በኮሮናው ጊዜ እዚሁ ሰፈራችን በቾ ቦሬ፣ እቤቴ፣ ትንፋሽ አጥሮት ሲሞት የጤና ኤክስቴንሽኗ «ምን ነበር ያመመው?» አለችኝ። «ጨጓራ» አልኳት። ኮሮና ብል እድርተኛው ደጄን አይረግጥም፣ ወንድሜም ያለ ለቀስተኛ ይቀበራል ብዬ ፈራሁ። እሷም ጨጓራ ብላ ጻፈች።

ባለፈው ሰሞን ጋዜጣ ሳነብ አገሮች የኮሮና ሙታናቸውን አሳንሰው ተናገሩ ይላል። አፌ መች ያርፋል፣ እድር ላይ «መንግሥታት ሬሳ ይደብቃሉ!» ብዬ ጮህኩ። ጎረቤቴና የእድራችን ዳኛ አባ ኦሊ ሳቅ አሉና ጠጋ ብለው፣ «አንቺ ልጅ፣ የወንድምሽ ጨጓራስ ሦስት ቀን ሙሉ ሲያስል አልነበር?» አሉኝ።

«ያውቁ ነበር እንዴ?»

«በግድግዳው እየሰማሁ! ለዚህ እኮ ነው ወጣቶቹን ከሩቅ ቁሙ ብዬ፣ እኛ ሽማግሌዎቹ አፋችንን ሸፍነን የተሸከምነው። እኛስ ጠግበን ኖረናል።»

እንባዬን በነጠላዬ እየጠረግኩ እንዲህ አልኳቸው፦ «ገለቶማ፣ አመሰግናለሁ፣ አባ ኦሊ። ወንድሜን ከቁጥር ያጎደልኩት እኔ ነኝ፤ ከሰው ያላጎደሉት እርስዎ ነዎት።»