የአቶ ታዲዮስ ጂግሶ ሕይወት፣ ቤዝ ጊታራቸውና የዘገየ ይቅርታ

አቶ ታዲዮስ ጂግሶን ለመሸኘት ከዲላ፣ ከቡሌ፣ ከወናጎና ከይርጋጨፌ፣ መንገዱ ጭቃ ነው ሳትሉ የመጣችሁ ወገኖች፣ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈል። ይህን ዜና ሕይወት የሚያነበው ሽመክት የባለቤታቸው የወይዘሮ አትጠገብ ታላቅ ወንድም ሲሆን፣ አንባቢ እንዲሆን የመረጡት ሟቹ ራሳቸው ናቸው። ለምን እንደመረጡት አልተናገሩም፤ እሱም አልጠየቀም። በዚህ ወረቀት ላይ ግን ለሟቹ መነገር ሲገባው ዐሥራ አንድ ዓመት ሳይነገር የቆየ አንድ ነገር አለና፣ እዚያ እስኪደርስ ድረስ በትዕግሥት እንድታዳምጡት ይለምናል።

አቶ ታዲዮስ ከአባታቸው ከአቶ ጂግሶ በዳሶና ከእናታቸው ከወይዘሮ አልጋነሽ በ1955 ዓ.ም. በቡሌ ተወለዱ። የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በዚያው በቡሌ ከተከታተሉ በኋላ፣ ዲላ ከአክስታቸው ቤት ተቀምጠው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በ1974 ዓ.ም. አጠናቀቁ። የደጋ ሰው ነበሩና የዲላ ሙቀት እስከ መጨረሻው አልተስማማቸውም፤ አርባ ዓመት ሙሉ «ነገ ወደ ቡሌ እመለሳለሁ» እያሉ እዚሁ ቤት ሠርተው፣ እዚሁ ልጅ ድረው፣ እነሆ እዚሁ ቀርተዋል።

የቧንቧ ሙያ ሠልጥነው በ1976 ዓ.ም. በከተማው የውኃ አገልግሎት ከተቀጠሩበት ጊዜ አንሥቶ በጡረታ እስከ ተሰናበቱበት እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ በመስመር ጥገና ሠርተዋል። ከመሬት ሥር የሚያፈስ ቧንቧ የት ላይ እንደተሰበረ ለማወቅ፣ የረጅም ብረት አንዱን ጫፍ ቧንቧው ላይ፣ ሌላውን ጆሯቸው ላይ አድርገው በርከክ ብለው ያዳምጡ ስለነበር፣ አላፊ አግዳሚው «ታዲዮስ ከመሬት ጋር ስልክ ይደዋወላል» እያለ ያሾፍባቸው ነበር። እሳቸው ታዲያ ቀልዱ ሳይከብዳቸው፣ «እዚህ ጋ ቆፍሩ» ይሉና ይነሣሉ። ሲቆፈርም ውኃው እዚያው ይገኛል።

ትዳራቸውም የመጣው በዚሁ በቧንቧ ነው። በ1981 ዓ.ም. በእነ ወይዘሮ አትጠገብ ግቢ የፈሰሰውን ቧንቧ መጀመሪያ በመጡበት ቀን ጠግነውት ሳለ፣ «ልየው ብዬ ነው» እያሉ ሁለት ጊዜ ተመልሰው መምጣታቸውን የቤቱ ታላቅ ወንድም ታዝቦ ነበር። ሦስተኛው ላይ መፍቻ እንኳ አልያዙም። በዓመቱ ሽማግሌ ልከው፣ በ1982 ዓ.ም. በጋብቻ ተሳስረው፣ ኤልቤቴልንና አብይን ወልደው በምግባር አሳድገዋል።

ቤዝ ጊታር የያዙት በወጣትነታቸው፣ በቀበሌው የኪነት ቡድን ውስጥ ነው። ሌላው ወጣት በማይክሮፎኑና በሊድ ጊታሩ ሲሻማ፣ ያ ባለ አራት ክር ወፍራም ጊታር ግድግዳ ተደግፎ ፈላጊ አጥቶ ይውል ስለነበር፣ አቶ ታዲዮስ አዘኑለትና አነሡት። በደርግ ጊዜ ተዘግተው የነበሩት አብያተ ክርስቲያናት ዳግም ሲከፈቱም በአጥቢያችን መዘምራን ዘንድ ከሠላሳ ዓመት በላይ አገለገሉ። «ሙዚቀኛ ነዎት ወይ?» ሲባሉ «ኧረ እኔ የቧንቧ ሠራተኛ ነኝ» ከማለት በቀር ሌላ መልስ አልነበራቸውም። ከሥራ ሲመለሱ ቦት ጫማቸውን በረንዳው ላይ ያወልቃሉ፣ እጃቸውን ይታጠባሉ፣ ከዚያም ጊታሩን ከድምፅ ማጉያ ጋር ሳያገናኙ አንድ ሰዓት ያህል ይለማመዳሉ፤ ያን ድምፅ የሚሰሙት እሳቸውና አጠገባቸው ጎመን የሚቀነጥሱት ባለቤታቸው ብቻ ነበሩ።

ሁለተኛው ፍቅራቸው ፎቶግራፍ ነበር። ወዳጃቸው አቶ አብዱልአዚዝ ፎቶ ቤታቸውን በአዲስ መሣሪያ ሲያደራጁ አሮጌውን የሩስያ ካሜራ ሰጧቸውና፣ ከዚያ ወዲህ አቶ ታዲዮስ ቅዳሜ ከቤት አይገኙም። ወናጎ ወርደው ዝናብ ያባረራቸውን ሰዎች በየታዛው ሥር ያነሣሉ፤ በቡና ወቅት አሪቻ ድረስ ሄደው፣ በማድረቂያው አልጋ ላይ ቡና የሚለቅሙትን ሴቶች ሲሳሳቁ ያነሣሉ። ሰው ቀጥ ብሎ፣ ፊቱን አኮሳትሮ ካልቆመ ፎቶ የተነሣ በማይመስለው ከተማ ውስጥ፣ እሳቸው ሰውን ሥራውን ሲሠራ ነበር የሚያነሡት። ባለሱቋ ወይዘሮ ሀዲጃ እጃቸው ስኳር ሲቋጥር የተነሣበት ፎቶ ታጥቦ ሲደርሳቸው «ምነው፣ ፊቴን ሌባ ወሰደው?» ብለው ተቆጥተው ነበር። ዛሬ ያ ፎቶ በመስታወት ገብቶ ሱቃቸው ውስጥ ተሰቅሏል፤ ወይዘሮ ሀዲጃም እዚሁ አሉ፣ ይመስክሩ።

አሁን አንባቢው መዝለል ወደሚፈልገው፣ ግን ወደማይዘለው ስፍራ ደርሰናል። በ2006 ዓ.ም. መዘምራኑ አዲስ ኪቦርድና ትልልቅ ስፒከሮች ሲገዙ፣ መድረኩ ጠበበና ከመሣሪያ አንዱ ይውረድ ተባለ። የመዘምራን ኮሚቴው ሰብሳቢ ሽመክት ነበር፤ አሁን ይህን ወረቀት ይዞ የቆመው ያው ሰው ማለት ነው። አርባ ሰው በተሰበሰበበት ጉባኤ፣ አቶ ታዲዮስ ራሳቸው ተቀምጠው ሳለ፣ ሰብሳቢው «ቤዙ እንደሆነ አይሰማም፤ ታዲዮስ ቢኖርም ባይኖርም ያው ነው» አለ። ጥቂት ሰዎች ሳቁ። በትምህርት ቤት ዳይሬክተርነት ማዘዝ የለመደ አፍ ነውና ቀልድ መስሎት ነበር፤ አይ ሰው! ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አቶ ታዲዮስ «እሺ» ብለው ተነሡ፣ ጊታሩን በቦርሳው አደረጉ፣ ቦርሳውንም ዘጉና ወደ ቤታቸው ሄዱ።

እሑድ ግን አልቀሩም፤ በሩ አጠገብ፣ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ከሕዝቡ ጋር ይዘምሩ ነበር። መዝሙሩ ግን ከዚያ ሳምንት ጀምሮ አልሆነም። ኪቦርዱ ይሮጣል፣ ከበሮው ያሳድደዋል፣ ጭብጨባው ከሁለቱም ይለያል። ኮሚቴው ስፒከሩን አስፈተሸ፣ ከበሮውን ቀየረ፣ መዘምራኑን ገሠጸ፤ ጉድለቱ ከየት እንደመጣ ግን የተማረው ሁሉ ሊያውቅ አልቻለም። በአምስተኛው ወር እማማ ስመኝ ከምርኩዛቸው ጋር ተነሥተው «እኔ መሃይም ነኝ፣ ምን እንደጎደለ አላውቅም፤ ግን ልጆቼ፣ መዝሙራችሁ እግር የለውም» አሉ። ያን ጊዜ ሁሉም ዞር ብሎ በሩ አጠገብ ያሉትን ሰው አየ።

ወጉ ሰብሳቢው ራሱ ሽማግሌ ይዞ፣ ደጃቸው ሄዶ ይቅርታ እንዲጠይቅ ነበር። እሱ ግን አፈረና ማኅተም ያለበት ደብዳቤ በጸሐፊው እጅ ላከ። «ወደ አገልግሎትዎ እንዲመለሱ በትሕትና እንጠይቃለን» ይላል ደብዳቤው፤ ይቅርታ የሚል ቃል የለበትም። አቶ ታዲዮስ አንብበው ኪሳቸው ከተቱት፤ እሑድም ጊታራቸውን ይዘው መጡ። የመጀመሪያው መዝሙር እንደተጀመረ ጭብጨባው አንድ ሆነ፤ እማማ ስመኝ እልል አሉ፤ ሰብሳቢው የፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ የገዛ ጫማውን ሲያይ አረፈደ።

ከዚያ ወዲህ ዐሥራ አንድ ዓመት አብረው ገናን አክብረዋል፣ ልጅ ድረዋል፣ ሐዘን ተቀምጠዋል። አቶ ታዲዮስ ያን ቀን በስሕተት እንኳ አንሥተውት አያውቁም። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የአንባቢው ዝምታ ግን ነቅዟል።

አቶ ታዲዮስ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ባደረባቸው የልብ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆዩ። ጣቶቻቸው አብጠው ክሩን መጫን ሲያቅታቸው ጊታሩን ራሳቸው ጠርገው ለመዘምራኑ ላኩ፤ ካሜራውን ግን አልጋቸው አጠገብ አስቀምጠው ጠያቂውን ሁሉ ያነሡ ነበር። አንባቢው በየቀኑ ከሰዓት በኋላ እየሄደ አጠገባቸው ይቀመጥ ነበር፤ በየቀኑም «ዛሬ እነግረዋለሁ» ብሎ ይወጣና ስለ ዝናቡና ስለ እንሰቱ አውርቶ ይመለስ ነበር። አንድ ቀን ጨክኖ «ታዲዮስ፣ ያኔ በጉባኤው…» ብሎ ሲጀምር፣ እሳቸው ካሜራቸውን አንሥተው «ሽሜ፣ ሻይህ ይቀዘቅዛል» አሉትና አነሡት። እንዲያልፈው ፈልገው ይሁን፣ እንዲጨርሰው እየጠበቁ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላወቀም። ሊጨርሰው ይችል ነበር፤ ሻዩን ጠጣ። ባለፈው ሐሙስ ማለዳ፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው አጠገባቸው ሳሉ፣ በተወለዱ በስድሳ ሁለት ዓመታቸው በሰላም ዐረፉ።

በአገራችን ወግ በዚህ ሰዓት «ሟቹ ያስቀየሙት ሰው ካለ ይቅር ይበላቸው» ይባላል። አንባቢው ይህን ከማለቱ በፊት ቤተሰቡን፣ ጎረቤቱንና የሥራ ባልደረቦቻቸውን ጠይቆ፣ የተቀየመ አንድ ሰው አላገኘም። ስለዚህ ዛሬ ይቅርታ የሚለመነው ለሳቸው ሳይሆን ከሳቸው ነው። አባታቸው አቶ ጂግሶ በሽምግልና በተቀመጡበት በቡሌው የሽማግሌዎች ሸንጎ፣ በሶንጎ፣ በጉባኤ ፊት የተነገረ ክፉ ቃል የሚነሣው በጉባኤ ፊት ነው ይባል ነበር፤ ያን ዕለት ከነበራችሁት አብዛኞቻችሁ ደግሞ እዚህ አላችሁ። እንግዲህ ስሙኝ። «ታዲዮስ ቢኖርም ባይኖርም ያው ነው» ያልኩት እኔ ሽመክት ነኝ። ሐሰት ነው። ያው አይደለም፤ ያን ጊዜም ያው አልነበረም፣ ዛሬም ያው አይደለም። ወንድሜ ታዲዮስ፣ ይቅር በለኝ።

አቶ ታዲዮስ ባለቤታቸውን ወይዘሮ አትጠገብን፣ ልጆቻቸውን ኤልቤቴልንና አብይን፣ ሦስት የልጅ ልጆችን፣ በቡሌ ያሉ ሁለት እኅቶቻቸውን፣ እንዲሁም መልስ የማያገኝ አንድ አማች ትተው ወደማይቀረው ዓለም ሄደዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በቅዱሳኑ መካከል ያሳርፍ፣ ቤተሰባቸውንም ያጽናና። ለቀረነው ደግሞ፣ ይቅር በለኝ የምንለው ሰው በሕይወት ሳለ የምንናገርበትን አፍ ይስጠን። አሜን።