የአቶ ወልደየስ ንጹህ ደም

(በከተማው ዳርቻ፣ በላይ ሰፈር እድር ጽሕፈት ቤት፤ ጡረተኛው የፍርድ ቤት ሬጅስትራርና የእድሩ ዳኛ አቶ ወልደየስ አንድ ጀሪካን ውሃ ይዘው፣ ለሁለተኛ ዲግሪዋ የሰፈሩን ሰው ደም ከምትመረምረው የመርዝ ጥናት ተማሪ ከትንግርት ፊት ተቀምጠዋል።)

ወልደየስ፦ ትንሽ ጨምሪበት እንጂ ልጄ! ወርቅ አምጪ አላልኩሽ፤ እርሳስ ነው የጠየቅሁሽ።

ትንግርት፦ ጋሽ ወልደየስ፣ የደም ውጤት እንደ ወጥ ጨው አይጨመርበትም።

ወልደየስ፦ ከሌላው ላይ ቆንጥረሽ ወደ እኔ ብታዛውሪውስ? ጎረቤቴን ወርዶፋን ተርፎታል ብለሻል።

ትንግርት፦ እንዲህ ያለ ነገር ባደርግ ዩኒቨርሲቲው ያባርረኛል። ደግሞስ ምን ሆኑ? ከላይ ሰፈር ሰው ሁሉ የእርስዎ ደም ብቻ ንጹህ ሆኖ ተገኘ፤ እልል ማለት ሲገባዎ!

ወልደየስ፦ ንጹህ አትበይኝ! ይህን ቃል እሁድ በእድሩ ጉባኤ ፊት ያነበብሽው እንደሆነ፣ ከዚህ ሰፈር የምወጣው ተሸፋፍኜ ነው።

ትንግርት፦ ውጤቱ በየስሙ በጉባኤ ይነበብ ብለው ያስወሰኑት እርስዎው አይደሉም እንዴ?

ወልደየስ፦ አዎን፤ እኔ ነኝ። ያወጣሁትን ደንብ መልሼ ልሽር? እኔ ወልደየስ?

ትንግርት፦ ነገሩ አልገባኝም።

ወልደየስ፦ እንግዲያውስ በሥርዓቱ ላስረዳሽ። ባትሪ አቅላጮች በጣሉት እርሳስ የታች ሰፈር ጉድጓድ ተመርዟል ብለሽ የተናገርሽ አንቺ ነሽ።

ትንግርት፦ አዎ። «አትጠጡት» ብዬም አስተምሬያለሁ።

ወልደየስ፦ ጎረቤት እንዲህ ያለ መርዶ ሲደርሰው ዝም ይባላል? ሰፈሩ ሁሉ ሊያጽናና ወረደ። እነሱም ጨዋ ሰዎች ናቸውና ለእንግዳ ውሃ አቀረቡ።

ትንግርት፦ ያንኑ ውሃ?

ወልደየስ፦ ሌላ ውሃ ቢኖራቸው ምን ያስለቅሳቸዋል?

ትንግርት፦ እና ጠጣችሁት!

ወልደየስ፦ ሐዘንተኛ ያቀረበውን ውሃ «መርዝ ነው» ብሎ መመለስ በየትኛው አገር ታይቷል? እንዲያውም አንዳንዶች ሲያቅማሙ አይቼ፣ በዳኝነቴ ደንብ አወጣሁ፤ በየእሁዱ ሰፈሩ ተሰብስቦ እንዲወርድ፣ የቀረበለትን ኩባያ የመለሰም መቀጫ እንዲከፍል።

ትንግርት፦ እኔ እኮ ላይ ሰፈርን የመረጥኩት ከመርዙ የራቃችሁ ናችሁ ብዬ፣ ከታች ሰፈር ጋር ላነጻጽራችሁ ነበር! አማካሪዬ ውጤቱን ሲያዩ «መርዙ ሽቅብ መፍሰስ ጀመረ እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ።

ወልደየስ፦ አልፈሰሰም። እኛ ነን የወረድነው።

ትንግርት፦ ቆይ፣ ቆይ። ደንቡን ያወጡት እርስዎ፤ ሰው የቀጡት እርስዎ። ታዲያ የእርስዎ ደም እንዴት...

ወልደየስ፦ በሩን ዝጊው።

ትንግርት፦ አልጠጡም!

ወልደየስ፦ ድምፅሽን ቀነስ አድርጊ። ኩባያውን ተቀብያለሁ፤ ከንፈሬንም አስነክቻለሁ። ከዚያ... ከጎኔ አስቀምጬዋለሁ። ከንፈር ማስነካቱ ለምርመራው ይበቃል ብዬ ነበር።

ትንግርት፦ ለምን አልጠጡም?

ወልደየስ፦ ትምህርትሽን ሰምቼ ነዋ! ፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ! እርሳስ ኩላሊት ይጎዳል፣ አእምሮ ያደክማል ስትዪ ላብ ነው ያጠመቀኝ።

ትንግርት፦ የኔ ነገር! ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ትምህርቴን የተቀበለ አንድ ሰው ቢገኝ፣ እሱም አፍሮ ደብቂልኝ ይለኛል።

ወልደየስ፦ ዘለፋውን ተይውና ብርጭቆ አቀብዪኝ። ከታች ሰፈር ያስቀዳሁት ውሃ በዚህ ጀሪካን አለ። አሁን እጠጣለሁ፤ አንቺም ደሜን እንደገና ትወስጃለሽ።

ትንግርት፦ ያስቀምጡት! ያስቀምጡት እንጂ! የቀሩኝ ንጹህ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት!

ወልደየስ፦ ልቀቂ ልጄ! የሽማግሌ ጀሪካን አይነጠቅም!

ትንግርት፦ ቢጠጡም እኮ እስከ እሁድ አይደርሱባቸውም። እነሱ የከረሙበት ነው።

ወልደየስ፦ አፍልቼ ብጠጣውስ?

ትንግርት፦ እርሳስ በመፍላት አይጠፋም። ውሃው ሲተንን ይባስ ይጠነክራል።

ወልደየስ፦ ይኸው! አፍይልኛ!

ትንግርት፦ ይልቅ አይስጉ። እርሳስ የበዛበት ሰው ይነጫነጫል፣ በሆነው ባልሆነው ይቆጣል። ምልክቱን አንብቤ ስጨርስ «ንጹሁ ጋሽ ወልደየስ ናቸው» ብል ማንም አያምነኝም።

ወልደየስ፦ ቁጡ ነዎት ልትዪኝ ነው? እኔ? እኔን ነው ቁጡ የምትዪኝ?!

ትንግርት፦ ጠረጴዛውን አይደብድቡት፤ ውሃው ይፈስሳል።

ወልደየስ፦ ስሚኝ ልጄ። በዚህ ሰፈር አንድም ቀን ቃሌ ታጥፎ አያውቅም። ሰው በእኔ ትእዛዝ ሲጠጣ እኔ እያስመሰልኩ እንደነበር ከታወቀ፣ ነገ ስሞት ሬሳዬን ማን ያነሳዋል?

ትንግርት፦ እኔም ዝም ካልኩ መጠጣቱን አያቆሙም። ዛሬ ቢያቆሙ ደማቸው ቀስ በቀስ ይጠራል፤ ካላቆሙ ግን ሕፃናቱም አብረው ይጎዳሉ። እርስዎ ተነስተው «እኔ አልጠጣሁም፤ እናንተም ተዉት» ቢሉ ይሰማሉ።

ወልደየስ፦ አንቺ ስትነግሪያቸው መቼ ሰሙ?

ትንግርት፦ እኔን ለምን ይሰማሉ፤ መቅጣት አልችል!

ወልደየስ፦ አላደርገውም። በቃ፤ አላደርገውም።

ትንግርት፦ እሺ። አንድ ነገር ብቻ ይመልሱልኝ። ያስቀመጡትን ኩባያ ማን ይደፋው ነበር?

ወልደየስ፦ ማንም አይደፋውም። በሐዘንተኛ ቤት ፊት ውሃ መድፋት ነውር ነው።

ትንግርት፦ ታዲያ እንደ ሞላ ትተውት ይነሱ ነበር?

ወልደየስ፦ እንደ ሞላ ቢገኝ በመጀመሪያው ቀን አልጋለጥም ነበር? ልነሳ ስል ባዶ ሆኖ ነው የማገኘው።

ትንግርት፦ በየእሁዱ?

ወልደየስ፦ በየእሁዱ። እግዜር ሸፈነኝ ብዬ ዝም አልኩ።

ትንግርት፦ ከጎንዎ የሚቀመጠው ማነው?

ወልደየስ፦ ማን ይሆናል! ባለቤቴ አስካለ ናት እንጂ።

ትንግርት፦ ከላይ ሰፈር ሰው ሁሉ እርሳስ የበዛው በእሳቸው ደም ነው። ከሌላው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ትናንት ስነግራቸው «ለእሱ እንዳትነግሪው» ብለው እጄን ያዙኝ። ለምን እንደሆነ አሁን ነው የገባኝ።





ወልደየስ፦ ሰሞኑን ራሴን ያመኛል ስትለኝ ነበር። እኔም «ወሬ ስለምታበዢ ነው» እላት ነበር።

ትንግርት፦ ሕክምና አለው፤ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ እወስዳቸዋለሁ። የእሁዱን ነገር ደግሞ...

ወልደየስ፦ ምን እሁድ! የእድሩን ጡሩምባ ነፊ ጥሪልኝ። አሁኑኑ ይንፋ!

ትንግርት፦ ጡሩምባ ከተነፋ ሰዉ «ማን ሞተ?» እያለ ይወጣል እኮ!

ወልደየስ፦ ይውጣ። ማን እንዳልጠጣ እኔው እነግረዋለሁ።