ከ«ዱም» በታች

ክቡር ሥራ አስኪያጃችን፣ ክቡራትና ክቡራን የሥራ ባልደረቦቼ፣

ሥራችሁን አቋርጣችሁ ስለ እኔ ብላችሁ በመሰብሰባችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ለጫማውም አመሰግናለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ጎብኚ እየመራሁ ከተማውን በእግሬ ስዞር ያላሰባችሁልኝን ጫማ፣ ቁጭ ልበል ስል አሰባችሁልኝ። ደግሞ ልኬ ነው፤ ማን እንደለካኝ እንጃ።

የሚያስቅ ንግግር ጽፌ ነበር። ኪሴ ውስጥ አለ። ዛሬ ጠዋት መንገድ ላይ ድንች የምትጠብሰው ሴት ጋ ደርሼ ከተመለስኩ ወዲህ ግን ላነበው አልቻልኩም።

በጉብኝታችን ወረቀት ላይ፣ ከአሮጌው ማተሚያ ቤትና ከመጽሐፍ ጠራዦቹ ሰፈር ቀጥሎ፣ «3:40፦ ዱም» የሚል መስመር አለ። አዲስ የተቀጠረ ሁሉ «ዱም ደግሞ ምንድን ነው?» ይላል፤ እኛም እንስቅበታለን። ዱም የእኔ ፈጠራ ነው። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ እንግዶቹ ታሪክ ሰልችቷቸው ሲያዛጉ፣ ድንች በሚጠበስበት መንገድ መሃል መሬቱን በተረከዜ ብመታው «ዱም» አለ። ሳቁ። በማግስቱ የመጡትን ሁሉንም አንድ ላይ አስዘለልኳቸው። አጨበጨቡልኝ።

ከዚያ ወዲህ ስንት እግር ዘለለበት?

ከሥሩ ያለውን የነገረኝ አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ነው። ከተማው ትንሽ በነበረ ጊዜ ውሃ የሚጠራቀምበት ትልቅ ጉድጓድ ነበር፤ ኋላ ላይ አፉን በጡብ ደፍነው መንገድ አወጡበት። «አንድ ረድፍ ጡብ ብቻ ነው፣ ልጄ» አለኝ። እኔም ይችን ነገር ለእንግዳ ማሳቂያ አደረግኋት። «ከእናንተና ከውሃው መሃል ያለው አንድ ጡብ ነው፤ በሉ ዝለሉ» እላቸዋለሁ።

ከአራት ወር በፊት እዚያው ጉድጓዱ ላይ ምድጃዋን የተከለችው ድንች ጠባሿ ጠራችኝ። «ጋሼ፣ ዘይቱ ወደ አንድ ወገን እየሄደብኝ ነው» አለች። እውነቷን ነው፤ መጥበሻው ውስጥ ዘይቱ በግራ በኩል ተጠራቅሟል፣ በቀኝ ያለው ድንች ያራል። «ምድጃሽ አርጅቶ ነው፤ ምንም አይሆንም» አልኳት። ካርቶን አጣጥፋ ከምድጃው እግር ሥር ወሸቀች። በወሩ ካርቶኑን አውጥታ ጣውላ አስገባች። አሁን ጣውላው ሁለት ሆኗል።

ባለፈው ወር ደግሞ፣ ጎብኚዎቼ ዘለው ዱም ካለ በኋላ፣ ትንሽ ቆይቶ አንድ ነገር ከታች ውሃ ውስጥ ሲወድቅ ሰማሁ። እነሱ የትርዒቱ አካል መስሏቸው እንደገና አጨበጨቡ።

ለከተማው አስተዳደር ጻፍኩ። «እንዲህ ያለ ጉድጓድ በካርታችን ላይ የለም» የሚል መልስ መጣ። ለሥራ አስኪያጃችን ነገርኩ። «እስቲ የጎብኚው ወቅት ይለፍ» አሉኝ። ብለዋል አላሉም፣ ክቡርነትዎ? ግን በእርስዎ አላሳብብም። ከዚያ በኋላ እኔው ራሴ አሥራ አንድ ጊዜ «ዝለሉ» ብያለሁ። ለምን ቢባል፣ ጭብጨባ ስለምወድ ነው። አፍራለሁ።

ዛሬ ጠዋት ሄጄ «ከዚህ ተነሺ፣ ከሥርሽ መሬት የለም» አልኳት። ድንቿን እያገላበጠች ሳቀችብኝ።

«ጋሼ፣ ምንም አይሆንም ያልከኝ አንተ አይደለህ እንዴ? ጡረታ ስትወጣ ፈሪ ሆንክ?»

ሦስተኛውን ጣውላ አዘጋጅታ አጠገቧ አስቀምጣዋለች። እኔን አምና ነው እዚያ የቆመችው። ይኼ ነው አላስቀምጥ ያለኝ።

ነገ ጠዋት በእኔ ቦታ የተተካችው እህታችን ሠላሳ ስምንት ተማሪዎች ይዛ እዚያ ትደርሳለች። ወረቀቱ ይኸው። ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ሰዓትዎን ሲያዩ አይቻለሁ፤ እስክሪብቶም ደረት ኪስዎ ውስጥ አለ። ይችን አንድ መስመር ይሰርዙልኝ። ካልሰረዟት ነገ መንገዱ አፍ ላይ ቆሜ ማንንም አላሳልፍም፤ ሽማግሌው ጃጀ ትሉኝ እንደሆነ በሉኝ።

ከዚህ ስወጣ ቤቴ አልገባም። እሷ ጋ ሄጄ «ዋሽቼሻለሁ» እላታለሁ። ከዚያ ምድጃውን ማንሳት አለብን፤ ለብቻዬ አልችለውም። ወገቡን የማያመው ካለ ይከተለኝ።

የምትቀሩትንም የምትከተሉኝንም ፈጣሪ ይጠብቃችሁ። ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ፤ ጉልበታችሁ አይድከም፤ እንግዳ አይጥፋባችሁ። የምትረግጡት መሬት ይቻላችሁ።