ዕድል የጣለው ሻምፒዮን

ግቢ ሲስተር፣ በሩን በትከሻሽ ገፋ አድርጊው፣ እርጥበት ሲነካው ያብጣል። ይሄ ዝናብ ክሊኒክ ውስጥ ያስቀረሻል ብዬ ነበር... ደግ አደረግሽ መጣሽ። ቀሚስሽ ይኸውና። ወገቡን ጠበብ አድርጌዋለሁ፣ ግን ልበሽውና በመርፌ ልያዘው፣ ካለፈው ሳምንት ወዲህ እንኳ የከሳሽ መሰለኝ። ምሳ መብያ ሰዓት አይሰጧችሁም እንዴ እነዚህ ሰዎች? በይ ከመጋረጃው ጀርባ ሆነሽ ቀይሪ። እንግዳውን አትፈሪ፣ አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ሰውዬ ጨዋ ናቸው፣ ካባቸውን ሊወስዱ መጥተው ነው። አየሽው ካባውን? ቀዩ፣ ወርቃማ ጥልፍ ያለው፣ ጭናቸው ላይ ያስቀመጡት። የሬስሊንግ ሻምፒዮን በነበሩ ጊዜ የለበሱት ነው። ለቅዳሜው ዝግጅት ጎንና ጎኑን አስፍቼላቸዋለሁ። ካባው ነው ቁጭ ብሎ የጠበበው፣ እሳቸውማ ያው ናቸው።

ካባውን ከተረከቡ ቆይተዋል። አሁን የሚጠብቁት ባለቤቴን ነው። ባለቤቴ ከሰዓት ከሰዓት በከዘራው እስከ አደባባዩ ሄዶ ይመለሳል፣ ሐኪም ያዘዘለት ነው፣ ዝናብ አይል ፀሐይ አይል። ቅዳሜ መድረክ ላይ ትወጣልኛለህ ወይ ብለው ከራሱ አፍ መስማት ፈለጉ። ከእኔ አፍ መስማት አልፈለጉም። አይፈረድባቸውም፣ የእኔ አፍ ክር ከመበጠስ በቀር ምን ይጠቅማል?

ጨረስሽ? ነይ መብራቱ ጋ ቁሚ። እጅሽን ከፍ አድርጊልኝ... እንዲያ። አንቺ ሬስሊንግ ታያለሽ? የት ታያለሽ፣ ያኔ አልተወለድሽም። በእኛ ጊዜ እሁድ ከሰዓት ከተማው ተጠራርጎ አዳራሽ ነበር የሚገባው። አሁን ደግሞ በሬዲዮ ተመልሶ መጥቶልሻል። የድሮ ሬስለሮች በየሳምንቱ ይሰበሰቡና ታሪኩን እንደገና ይሠሩታል። ባለ ጭምብሉ ባይታመም ኖሮ የዚያን ዓመት የሻምፒዮንነት ቀበቶ ማን ይነካበት ነበር? ጎማው የሚሉት ከመንታዎቹ ጋር ባይጣላ ኖሮ ዘመኑ የማን ይሆን ነበር? እንዲህ እያሉ ይሾማሉ፣ ይሽራሉ። እስካሁን ሻምፒዮን ያልሆነ የለም፣ የቀረው ትኬት ቆራጩ ብቻ ነው። ሕዝቡ ደግሞ እየደወለ ያለቅሳል። ከልቡ ነው የሚያለቅሰው። እኔ እዚህ ማሽኔ ላይ ሆኜ እሰማለሁ፣ ሳቄ እየመጣ ስፌቴ ይጣመማል።

ለምን ሳቅሽ አትዪኝም? አሸናፊው እኮ የሚታወቀው ጠዋት ነው፣ ግጥሚያውን የሚያዘጋጀው ባለ ድርጅት ቢሮ ውስጥ። ሻዩን እያማሰለ "አንተ ዛሬ ትወድቃለህ፣ አንተ ታሸንፋለህ" ይላቸዋል። ልብስ ሰፊያቸው እኔ ነበርኩና ከዚያ ወዲያው ወደ እኔ ይላክብኛል። የተሸናፊውን ልብስ በስስ ክር ላላ አድርጌ መስፋት ነበረብኝ፣ ሲጎትቱት ሕዝብ ፊት ሽርክት ብሎ እንዲቀደድ። ስለዚህ ሻምፒዮኑን ከእናቱ በፊት የማውቀው እኔ ነበርኩ። ታዲያ አሁን ያ ቢሆን ኖሮ፣ ይሄ ቢሆን ኖሮ ሲሉ እንዴት አልስቅ? ድሮስ በግምት የተሾመን ሰው እንደገና በምን ግምት ይሽሩታል? እኔ አንድ እሁድ ክር ብሳሳት ኖሮ ታሪካቸው ሁሉ ተገልብጦ ነበር... ምነው እንግዳዬ፣ የካባውን ስፌት ያገላብጡታል? ግዴለም፣ እሱን በወፍራሙ ክር ነው የሰፋሁት።

ዙሪልኝ። ታዲያ መውደቅ ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ። ማሸነፍማ ምን አለው፣ እጅ ማንሳት ነው። ጥበቡ ያለው መውደቁ ላይ ነው። የሚወድቀው ሰው ነው የቆመውን ሰው ተራራ የሚያስመስለው። ባለቤቴ ደግሞ ሥራው እሱ ነበር። ላባው ነበር የሚሉት። ከላይኛው ገመድ ዘሎ ሲወርድ እንደ ሌሎቹ ወለሉን አያንጫጫም፣ ትንፋሹ እንኳ አይሰማም። እኔ ራሴ የወደድኩት ሲያሸንፍ አይቼ አይደለም፣ አሸንፎም አያውቅ። ሲወድቅ አይቼ ነው።

አንድ ሌላ ሰው ደግሞ ነበር... ስሙን አልጠራልሽም። ሰው ማማት አልወድም። የምነግርሽ ሁሉ ምስጋና ስለሆነ ስም አያስፈልገውም። ምን መልክ ነው፣ ምን ትከሻ ነው፣ ምን ጥርስ ነው! ፎቶ አንሺ ባለበት ቦታ ፊቱ በራሱ ጊዜ ይዞራል። አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ናት የጎደለችው፣ መውደቅ አይችልም። ጉልበቱ እሺ አይለውም። ገፋ ሲያደርጉት እንደ ቁም ሳጥን ነው የሚሄደው። ታዲያ አንቺ ብትሆኚ መውደቅ የማይችል ሬስለር ምን ታደርጊዋለሽ? ሻምፒዮን ታደርጊዋለሽ። ባለ ድርጅቱም እንደዚያ አደረገ፣ ብልህ ሰው ነበር። ይሄው ሰው ቀበቶውን ታጥቆ ለዓመታት ቆመ፣ ሌላው ተራ በተራ ወደቀለት። እሱ ግን አልኮራም። እስከ ዛሬ "በላቤ ያገኘሁት ነው" ነው የሚለው። ላቡስ እውነቱን ነው፣ ልብሱን አጥበው የነበርኩት እኔ አይደለሁ?

ቀጥ በይ፣ አትሳቂ፣ መርፌ ይወጋሻል።

ሐሙስ ዕለት ታዲያ ይሄው ሰው ሬዲዮ ላይ ቀረበ። ጋዜጠኛዋ "እርስዎ ታሪክን መቀየር ቢችሉ ቀበቶዎን ለማን ይሰጡት ነበር?" አለችው። ዝም አለ። ዝም ማለት ያውቅበታል፣ በዚህ አልማውም። ከዚያ ድምፁን ሰበር አድርጎ "ለላባው" አለ። "ዕድል ባይጥለው ኖሮ የዚያ ዘመን ሻምፒዮን እሱ ነበር። እኔ ከእሱ ጋር ስተያይ ምንም ነኝ" አለ። ሲስተር፣ የሌለ ነገር ሲሰጥ እንዴት ያለ ቸር ነው መሰለሽ! በእውነተኛው ዘመን አንድ እሁድ እንኳ "ዛሬ እኔ ልውደቅ" ሲል አልሰማነውም፣ በምናቡ ጊዜ ግን ዘመኑን ሙሉ አነሳና ሰጠው። ቅዳሜ ደግሞ ወርቅ ቀለም የተቀባ ቀበቶ ተሠርቶ፣ መድረክ ላይ ሕዝብ ፊት ሊያስታጥቀው ነው። በገዛ እጁ።

ዕድል ጣለው... አንቺ የተማርሽ ነሽና እስቲ ንገሪኝ፣ ዕድል እጅ አለው እንዴ?

የበሩ መስታወት ላይ ያለውን ፖስተር አየሽው አይደል? እንግዳችን ናቸው አምጥተው የለጠፉልኝ፣ እግዜር ይስጣቸው። መሃል ላይ የሚስቀው ሻምፒዮን አያምርም? በሕይወቱ እንዲህ ያለ ፎቶ ተነስቶ አያውቅም ይላሉ፣ እኔም አምናለሁ። ስትወጪ ጠጋ ብለሽ የላይኛውን ጥግ እዪው። ሁለት እግር አለ፣ አየር ላይ። ሰው ሁሉ ጥርሱን እያየ እግሩን አያስተውለውም። የባለቤቴ እግር ነው።

ላስረዳሽ። ላባው ከላይኛው ገመድ ይዘላል፣ ታች የቆመው ደግሞ በደረቱና በክንዱ ተቀብሎ ቀስ አድርጎ ያሳርፈዋል። ለተመልካቹ የተፈጠፈጠ ይመስለዋል፣ ሰውዬው ግን ተይዟል። የሻምፒዮኑ ሥራ እሱ ብቻ ነው፣ መያዝ። የሚዘለው ሰው እኮ አንገቱንም፣ ሚስቱንም፣ ልጆቹንም ለዚያ ለሚይዘው ሰው አደራ ሰጥቶ ነው የሚዘለው። ስንቴ ሠርተውታል ሁለቱ። ያን እሁድ ግን ባለቤቴ ከገመዱ እንደተነሳ ፎቶ አንሺው ከጎን "ሻምፒዮን" ብሎ ተጣራ። ጨዋ ሰው ሲጠሩት ምን ያደርጋል? ይዞራል። ዞረ። እጁን ለሕዝቡ አነሳ፣ ፈገግ አለ። ፈገግታውን እንደሆነ አይተሽዋል፣ ምንም አይወጣለትም።

አንገት ሲሰበር ምን እንደሚመስል ለአንቺ አልነግርሽም፣ ሥራሽ ነው።

በማግስቱ ባለ ድርጅቱ ጋዜጠኛ ሰብስቦ "ላባው አዘላለሉን ሳተ" አለ። ያ ሰው አጠገቡ ቆሟል። ምንም አላለም፣ ውሸት መናገር አይወድም መሰለኝ። ሆስፒታልም መጥቷል፣ አልክድም፣ አንድ ጊዜ፣ ብርቱካን ይዞ። በሩ ላይ ሆኖ "አይዞህ ወንድሜ፣ ዕድል ነው" አለው። የኔው ደግሞ በዚያ ሁሉ ብረትና ማሰሪያ ውስጥ ተጋድሞ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "አደራሽን እንዳትናገሪ። ሻምፒዮኑ አይዝም ከተባለ ማን ይዘልለታል? አዳራሹ ይዘጋል፣ የስንት ቤተሰብ ጉሮሮ ነው።" እሺ አልኩት። ይኸው ልጆቹ አድገው እስኪያገቡ ዝም አልኩ። አሁንም ስም ስጠራ አልሰማሽም፣ ሰማሽ?

ቆሞ መሄድ ሲጀምር ሥራ ጠየቀ። "ለጀማሪዎቹ መውደቅ ላስተምር" አለ። ሌላ ምን ያውቃል ብለሽ ነው? በዚያን ጊዜ አሰልጣኝ የሚመርጠው ይሄው የማመሰግንልሽ ሰው ነበር። ፊቱን አይቶ እንቢ ማለት ከብዶት በሰው ላከበት፣ ይሉኝታ የሚያውቅ ሰው ነው። "መውደቅ ያቃተው ሰው መውደቅ ያስተምራል ቢባል ማን ይሰማናል?" ብሎ ላከበት። ሲስተር፣ አንገቱ ሲሰበር ያላለቀሰ ሰው ያን ቀን አለቀሰ። ለእነሱ ከዚህ የባሰ ስድብ የለም። አሁንም ድረስ የድሮ ተመልካች መንገድ ላይ ያስቆመውና "ያን ቀን ምን ነካህ? እንዴት ሳትከው?" ይለዋል። እሱም አንገቱን ማዞር ስለማይችል በሙሉ ሰውነቱ ዞሮ "እንጃ፣ ሳትኩት" ይላል። እኔ አጠገቡ ቆሜ ነው ይሄን የምሰማው።

ክንድሽን አውርጂው፣ አደከምኩሽ።

እኔም እኮ አንዳንዴ እገምታለሁ፣ ግምት የእነሱ ብቻ ነው እንዴ? ያን እሁድ ፎቶ አንሺውን ጉንፋን ይዞት ቢቀር ኖሮ እላለሁ። ባለቤቴ ይዘላል፣ ይያዛል፣ እንደተባለው ይሸነፋል። ልብሱ ይቀደዳል፣ ሕዝቡ ይጮህበታል። ከዚያ በእግሩ ቤቱ ይመጣል። እራቱ ጨው በዛበት ብሎ ይነጫነጫል፣ ትንሹን ልጅ ትከሻው ላይ ሰቅሎ ግቢውን ያዞረዋል። በቃ፣ የእኔ ግምት እዚህ ያልቃል። ቀበቶ የለበትም፣ ለሬዲዮ አይሆንም።

የሚገርምሽ ደስ ብሎታል። እሱ ነው ያናደደኝም፣ አንጀቴን የበላውም። ዛሬ ጠዋት ሸሚዙን ራሱ ልተኩስ ብሎ ሲታገል አገኘሁት። ያለ ከዘራ እስከ መድረኩ መሄድ እንዲችል ኮሪደሩ ላይ ይለማመዳል። ቀበቶው አይደለም ያስደሰተው። "ያን ቀን የሆነውን ሊናገርልኝ ነው" አለኝ። ሬዲዮው ላይ እኮ ዕድል ነው ብሏል አልኩት። "እዚያ አፍሮ ነው፣ ፊት ለፊት ሲያየኝ ይናገራል" አለኝ። ይሄን አምኖ ነው ሸሚዝ የሚተኩሰው። ባይናገርስ? ያ ሁሉ ሕዝብ እያጨበጨበ፣ ዕድል እየተባለ፣ ቀበቶ ታጥቆ ወደ ቤት ሲመጣ እኔ ምን ብዬ ልቀበለው?

ከባድ ነገር እኮ አይደለም የሚጠበቅበት። አንዲት ቃል ናት። "አልያዝኩትም።" ይኸው እኔ አልኳት፣ ምላሴም አልተቆረጠ፣ ጣሪያውም አልተናደ። ቀበቶውን ይውሰደው፣ ካባውንም ይልበስ፣ ባለፈውም በሚመጣውም ዘመን እሱ ይንገሥ። ላባው መውደቅ ያውቅ ነበር ይበልልኝ፣ በሕዝብ ፊት፣ እሱ እየሰማ። ሌላ አልለምንም። ግን ያ ሰው የሌለውን መስጠት ነው እንጂ ያለውን መስጠት አልለመደም።

እንዴ፣ እንግዳዬ ተነሱ? ቁጭ ይበሉ እንጂ። እኛ ስለማያውቁት ሰው እያወራን እርስዎን ምን አስቸኮለዎት? ዝናቡም አላባራ፣ ያንን የመሰለ ካባ ያበላሹታል። ደግሞም ይኸው መጣ፣ ከዘራው ይሰማኛል፣ ደረጃውን እየወጣ ነው። ሲስተር አደራ፣ እሱ ሲገባ ይሄ ሁሉ አልተወራም። ደስታውን እኔ አልቀማውም፣ የሚቀማው ካለ ቅዳሜ ይቀማው።

ግባ የኔ ጌታ፣ ጃኬትህን አምጣ፣ ረጥበሃል። እንግዳ መጥቶልሃል፣ አንተን ብለው ስንት ሰዓት ቁጭ አሉ። እኔማ ለሲስተር የዚያን የጓደኛህን ደግነት እያጫወትኳት ነበር። ጨርሼ ልመርቀው ስል ነው የደረስከው። እግዜር ዕድሜውን ያርዝምለት። ስሙ እንደገነነ፣ ፎቶው እንዳማረበት ይኑር። አርጅቶ ጉልበቱ የከዳው ቀን፣ ካልጋው ልነሳ ብሎ የተንገዳገደ ቀን፣ ልክ የእሱን የመሰለ እጅ፣ ልክ የእሱን የመሰለ ልብ ያለው ሰው ከጎኑ አይጥፋ።